የተወገደበት ቦታ

«ይሄ ነው እንጂ ማጠብ! እጅሽ ይባረክ።»

አማቷ ይህን ያሉት ትልቁን ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ነበር። ምራቲቱ አንድ እግሯ ላይ ጫማ አድርጋ የሌላኛውን ጫማ ከአልጋው ሥር በመጥረጊያ እየጎተተች ስለነበር፣ መጀመሪያ ስለ ምን እንደተመረቀች አልገባትም። ቀና ብላ ስታይ ድስቱ የቤታቸው ድስት አልመስላት አለ። ያ ድስት እሷ ከማግባቷ በፊት ጀምሮ እዚያ ቤት የኖረ፣ ውስጡ በስንት ዓመት ቃጠሎ የጠቆረ፣ ሰው ሲበዛና ሾርባ ሲሠራ ብቻ ከመደርደሪያው የሚወርድ የብረት ድስት ነው። አሁን ከሥሩ እስከ ወገቡ እንደ መስታወት ያበራል። ልታጥበው ቀርቶ ከነካችው ወር አልፏታል። «እኔ እኮ…» ብላ ጀምራ ነበር። አማቷ ግን ፋታ አልሰጧትም። «እኔ ስንት ዓመት በአመድ፣ በሽቦ ስፈትገው እምቢ ያለኝን! ምራቴ ብዕር መያዝ እንጂ እጇን ውኃ መንከር አትወድም እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። በይ ሐሜቴን ይቅር በይኝ።»

እዚያ ቤት ከገባች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። አማቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አመስግነዋት አያውቁም። የሠራችውን ሁሉ ቀምሰው ዝም ነው፤ ያጠበችውን ሁሉ መልሰው ያጥቡታል። ስለዚህ ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን ቃል መልሳ ዋጠችው። ባሌ ይሆናል ያጠበው ብላም አሰበች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከትናንት በስቲያ ለረጅም መንገድ ሲወጣ ወጥ ቤት ገብቶ ሲንጎዳጎድ ሰምታዋለች። ወንድ ልጄ ድስት ፈተገ ብለው እናቱ እንዳይስቁበት ደብቆ ያደረገው ይሆናል። «ምንም አይደል፣ እማማ» አለችና አቀረቀረች።

«ዛሬ በዚሁ ድስት ለልጅቷ የድንች ሾርባ እሠራለሁ» አሉ አማቷ።

ልጅቷ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ድንቡሼ፣ በዚሁ መሃል ከጓሮ በኩል እየሮጠች ገባች። ጉንጯ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፋለች፤ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። እናቷ፣ ምራቲቱ፣ ሳቀች። ይህ ማጣበቂያ የመሥሪያ ቤቷ ነው፤ እጅጌዋ ላይ፣ ቀሚሷ ጫፍ ላይ፣ አንድ ጊዜም ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ቤት መጥቷል። ከልጅቷ ጉንጭ ቀስ ብላ ላጠችው፤ የት እንደምትጥለው ብታጣ በማስታወሻ ደብተሯ ሽፋን ላይ ለጠፈችውና ጉንጯን ስማት ወጣች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ሆኖ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተቀጥሎበታል። መጋዘኑ የዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ግዛት ነው። ኮሌጁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ቢወጣም ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለው፤ ዲዳ የሆነ ሬዲዮ እጁ ገብቶ ሳይናገር አይወጣም። ከስምንት ወር ወዲህ ግን መጠገኑን ትቶ መፍታቱን ይዟል። አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በጆንያ ይገዛል፤ መዳቡን ለብቻ፣ ቺፑን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ለይቶ ይሸጣል። ቦርዶቹን እሳት ላይ ሲያሞቅ የሚወጣው ሽታ እንደ ተቃጠለ ማበጠሪያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናቱ «አንተ ልጅ፣ ልትጨርሰን ነው!» ይሉት ነበር፤ እየቆየ አፍንጫቸውም አፋቸውም ለመደው። ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል፤ ብርድ ነው ይላሉ። መጋዘኑ የሚታጠብበት ውኃ በሚወርድበት ቦይ ዳር የተከሉት ሽንኩርት በተርታ ሲደርቅም ዘር የሸጠላቸውን ሰው ነው የረገሙት። በዚህ ሁሉ ምትክ ቤቱ በሰፈሩ አንደኛ የሆነ ኢንተርኔት አለው። ኢንጂነሩ ከአሮጌ ሞደሞች አንዱን አስተካክሎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ድንቡሼም በአያቷ ስልክ ካርቱን ሳታይ አንድ ማንኪያ አትጎርስም።

የምራቲቱ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መስመር የሚሸጥ ድርጅት ነው። እሷ የምትሠራው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ረጃጅም አምፖሎች በሚበሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፈጣን መስመር ስለመጣ ደንበኞች በሙሉ የቆየውን ሞደም መልሰው አዲሱን እንዲወስዱ ተነግሯቸዋል። «የቆየውን ይመልሱ፣ ምድራችንን አብረን እንጠብቅ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። እሷ የተመለሰውን ትቀበላለች፤ ባለ ቅጠሉን ማጣበቂያ ትለጥፍበታለች፤ ቅጠሉ ላይ ቁጥሩን በብዕር ትጽፋለች፤ ከዚያ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ሳጥኖች አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም፤ ኤሌክትሪክ ቢሰኩ ዛሬም መብራታቸው ይበራል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አታስብም ነበር። ሥራዋ ቅጠል መለጠፍ ነው።

ያን ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሞደማቸውን በፎጣ ጠቅልለው ነው ያመጡት።

«ይሄ እኮ ይሠራል፣ ልጄ።»

«አዎ፣ እማማ፣ ይሠራል። ፈጣን ስለመጣ ነው።»

«እኔ የልጅ ልጄን ፊት ለማየት ነው የምፈልገው። ፊቱ ቢፈጥን ምን ይረባኛል?»

ፈገግ አለች። አሮጊቷ ፎጣውን አጣጥፈው፣ አዲሱን ሳጥን ጠርጥረው እያዩት ሄዱ። ምራቲቱ ቁጥሩን ለመጻፍ ብዕር አነሳች፤ ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ደብተሯ ሽፋን ላይ ባለው ቅጠል ላይ ያረፈው። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሰባትን ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ ሰረዝ ታደርግበታለች። 4717 ይላል። አሁን የምትጽፈው ግን ሰባት ሺህ አልፎ ነው። ትናንት እጅጌዋ ላይ ተጣብቆ የሄደ ቢሆን ኖሮ ሰባት ሺህ ይሆን ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጠች። 4717 ከአራት ወር በፊት የገባ ነው። ሁኔታ በሚለው ሥር «ከአካባቢ ጋር በሚስማማ መንገድ ተወግዷል» ይላል። ከጎኑ «የተወገደበት ቦታ» የሚል ዓምድ አለ፤ እሱ ባዶ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ይህንን ገጽ ስትሞላ ባዶነቱን አይታው አታውቅም፤ ወይ አይታ ዝም ብላለች።

ተወግዷል የተባለ ነገር ልጇ ጉንጭ ላይ ምን ያደርጋል?

ከክፍሉ ጥግ አንድ ሸምገል ያሉ ቴክኒሺያን አሉ። አንዱን መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ ስለሚያደርጉ ሁሉም «ጋሼ መነጽር» ይላቸዋል። ምራቲቱ ሰው ፊት ቆማ መጠየቅ ሞት የሚመስላት ሴት ናት፤ ወንበራቸው አጠገብ ቆማ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራርጋለች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ሞደሞች ሰዎች ሲፈቷቸው… እንዴት ነው የሚፈቷቸው?»

«ምን ሰዎች?»

«እንዲያው፣ ሰፈር ውስጥ።»

«እእ፣ እነሱማ!» አሉ ጋሼ መነጽር፣ ጨዋታ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው። «ቦርዱን መጥበሻ ላይ እንደ እንቁላል ነው የሚጠብሱት። ቺፖቹን ቦርዱ ላይ የያዛቸው እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ብየዳ ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ቺፑ ይለቃል። ደህና ደህናውን ለቅመው ይሸጣሉ። መጥበሻው ታዲያ የሰርግ ዕቃ ነው የሚመስለው፤ እርሳሱ ሥሩ ላይ ይለሰንና መስታወት ያደርገዋል፣ ልትላጪበት ትችያለሽ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ፊቷን አዩት። የግንባራቸውን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱና ሁለቱን ደርበው ተመለከቷት። «ምነው ልጄ?»

«ድስት ቢሆንስ?» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። «ሰው የሚበላበት ድስት?»

ጋሼ መነጽር የያዙትን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አይበላበትማ» አሉ፤ «በተለይ ልጅ አይበላበት። እርሳስ የልጅ ጭንቅላት ነው የሚወደው።»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር። አማቷ ምሳ የሚሰጧት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ቤት ስትደውል ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ ተዘጋ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሲሆን ምን እየሆነ እንደሆነ ገባት፤ ስልኩ ድንቡሼ እጅ ነው። ድንቡሼ ፊደል ባትለይም ካርቱኗን የሚያቋርጥ ሰው ሲመጣ ቀዩን መጫን ካወቀች ቆይታለች፤ ያስተማራት አጎቷ ነው፣ ቤቱ በሙሉም «ጎበዝ!» ብሎ አጨብጭቦላታል። እናትየዋ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ አሥራ አንድ ጊዜም የገዛ ልጇ ዘጋችባት። ኢንጂነሩ ጋ ስትደውል አይሰራም አላት። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው የራሱ ስልክ ሠርቶ አያውቅም። ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ ደግሞ ቢያነሳስ ከዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? የጎረቤት ቁጥር ሊኖራት ይገባ ነበር። አራት ዓመት ስትኖር የአንዲት ጎረቤት ቁጥር አልያዘችም፤ ቡና ጠጪ ሲሏት እያፈረች፣ ነገ እያለች።

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብታ ልጄ ታማለች አለች። ኃላፊው ወጣት፣ ጥሩ የለበሰ፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀር ሰው ነው።

«ዛሬ እኮ ሞደሞቹን የሚወስደው መኪና ይመጣል። እንዲያውም መጥቷል መሰለኝ። መቶ ሰማንያ ስድስት ዕቃ አስረክበሽ ፈርመሽ ትሄጃለሽ።»

«ሌላ ሰው ቢፈርም…»

«በአንቺ ስም ነው ያለው። ያለ አንቺ ፊርማ መኪናው አይንቀሳቀስም። ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

የጭነት መኪናው ውጭ ቆሞ ነበር። የሚረከበው ሰውዬ፣ ባለ ኮፍያ ወፍራም፣ ወረቀቱን መኪናው በር ላይ ዘርግቶ ብዕር ያቀብላታል። ሠራተኞቹ ሳጥኖቹን እንደ ጡብ እየተቀባበሉ ይወረውራሉ፤ አረንጓዴ ቅጠሎቿ በአየር ላይ ይገለባበጣሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንድ በአንድ መቁጠር ነበረባት። ወደ የት ነው የምትወስዷቸው ብላ መጠየቅም ነበረባት፤ ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትጠይቅ ክርክር ይነሳል፣ ክርክር ከተነሳ ኃላፊው ይጠራል፣ ኃላፊው ሲመጣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ከልጇ የሚለያት ፊርማዋ ብቻ ነበር።

«የተወገደበት ቦታ የሚለውስ?» አለች ቀስ ብላ፣ ብዕሩን እንደያዘች።

«ባዶውን ተዪው፣ እኛ እንሞላዋለን» አለ ባለ ኮፍያው። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቀ። «አትጨነቂ እህቴ፣ ምድር ሰፊ ናት።»

ሳትቆጥር ፈረመች። መቶ ሰማንያ ስድስቱ ሳጥኖች ከግቢው ሲወጡ እሷም ከኋላቸው እየሮጠች ወጣች።

ታክሲው ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበር፤ አሥራ አንዱ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ናት፤ እሷም ስልኳን ይዛለች፣ ትደውላለች፣ ይዘጋባታል። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ አንድ ድመት ከሶፋ ላይ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግማ እያየች ትስቃለች፤ ድመቱ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። መንገዱ ተዘግቷል። የውኃ ቦቴ መኪና ከፊታቸው ቆሟል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሹፌሩን ቶሎ በልልኝ ልትለው አስባ ሰው ይዞርብኛል ብላ ተወችው፤ ትንሽ ቆይታ በዚህ ራሷን ጠላች። ልጄ ተመርዛ እንኳ ታክሲ ውስጥ ድምፄን ከፍ ማድረግ አፍራለሁ አለች በልቧ። ከዚያ «ወራጅ!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ፣ አሥራ አንዱም አንገቱን አቀና። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሮጠች።

በሩን ስትከፍት ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ድንቡሼ ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ስልኩ ከፊቷ ትራስ ተደግፎ፣ አማቷ ማንኪያ ይዘው «አንድ ለአባባ፣ አንድ ለእማማ» ይላሉ። ሳህኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ምራቲቱ ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቀች፤ ሳህኑን አነሳች፤ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ከነሾርባው ከምድጃው አወረደችና እጇ እየተቃጠለ ወስዳ ጓሮ ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ሾርባው በደረቁት ሽንኩርቶች ሥር አልፎ ወደ ታች ሰፈር ሲወርድ ነው፣ ከታች በዚያ ውኃ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች እንዳሉ ትዝ ያላት።

«ኧረ አበደች! ሰው ጥሩልኝ!» አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ድንቡሼ ከውስጥ ታለቅሳለች። «የሠራሁትን ምግብ ቦይ! ምነው፣ የእኔ እጅ መርዝ ነው?»

«የእርስዎ እጅ አይደለም፣ እማማ።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ድምፁን ሰምቶ ኢንጂነሩ ከመጋዘኑ ወጣ፤ ጓንት በሌለው እጁ ዓይኑን እያሸ። ባዶውን ድስት እጇ ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ለመካድም ሞክሮ ነበር፤ ግን ውሸት አይሆንለትም።

«የእኔ መጥበሻ ተበስቶብኝ ነው፣ እታለም» አለ። ቤቱ ከገባች ጀምሮ እታለም ነው የሚላት። «አንድ ቀን ብቻ ነው የተጠቀምኩበት። ደግሞ እንዲሁ አልመለስኩትም፤ በአሲድ ነው ያጠብኩት። አንድ ጀርም የለውም!»

«እርሳስ ነው ያለው» አለች። «የሚያበራው እርሳሱ ነው።»

«የእናንተ ዕቃ እኮ ነው!» አለ፣ ድንገት ተበዳይ ሆኖ። «ቅጠል አለበት። ቅጠል ያለበት መርዙ የወጣለት ነው ብለውኝ በኪሎ አምስት ብር ጨምሬ ነው የምገዛው። እናንተም ድንቡሼም ግቢ ውስጥ ስላላችሁ፣ ሌላውን ትቼ ያንን ብቻ ነው የማመጣው።»

«ቅጠሉን የምለጥፈው እኔ ነኝ።»

«ታዲያስ!» አለ።

ኢንጂነሩ እንደረታ ሰው ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ ወደ ድንቡሼ ልቅሶ አየ፣ ወደ እጁ አየ። አማቷ እስከዚያ ድረስ ከድስቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም ነበር።

«ድስቱን ያጠበው እሱ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ።»

«ጠዋት ለምን ዝም አልሽ? አንድ ቃል ብትናገሪ እኔ እጠይቅ አልነበር? ማን ነካው ብዬ እጮህ አልነበር?»

ምራቲቱ ሌላ መልስ ልታበጅ ሞከረች፤ ባሌ መስሎኝ ነበር ልትል። እሱም እውነት ነው፤ ግን ዋናው እሱ አልነበረም።

«ሲያመሰግኑኝ ደስ አለኝ» አለች።

ከቤት ውስጥ የካርቱኑ ሙዚቃ ይሰማል፣ ማንም ሳያየው እየዘፈነ። አማቷ ነጠላቸውን ከማድረቂያው ገመድ ላይ ሳብ አደረጉና «ልጅቷን አልብሻት» አሉ። ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን እየተፈራረቁ አዝለው እስከ ክሊኒኩ ሄዱ።

የክሊኒኩ ነርስ በመልኳ የደከማት፣ በድምጿ ግን ገር የሆነች ሴት ነበረች። ድስቱን በላስቲክ ጠቅልለው ሲያሳዩአት አልነካችውም። ልጅቷ ስንት ማንኪያ እንደበላች ጠየቀች፤ ከዚያ ሥራው ቤት ውስጥ ከተጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀች።

«ስምንት ወር» አለች ምራቲቱ።

«ልጅቷ እዚያ ክፍል ትገባለች?»

«ትጫወታለች።»

«እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች?»

መልስ አላስፈለጋትም፤ ድንቡሼ ያን ጊዜም አውራ ጣቷን እየጠባች ነበር። ነርሷ ካርዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈች። «የሚያሳስበኝ የዛሬው ሾርባ አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል። «ስምንት ወሩ ነው።» እስከዚያች ሰዓት ምራቲቱ በልቧ ስትሸከም የዋለችው ድስቱን ብቻ ነበር፤ ጠዋት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እያለች። አሁን ከድስቱ ጀርባ ያለው ሁሉ መጣባት፤ የለመዱት ሽታ፣ የአማቷ ሳል፣ በተርታ የደረቀው ሽንኩርት፣ ድንቡሼ ገና ቃል አለመገጣጠሟ፣ «የአባቷን ወጥታ ነው፣ ዝምተኛ ናት» እያሉ ያለፉት። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

ነርሷ ከልጅቷ ክንድ ደም ስትቀዳ ድንቡሼ አንድ ጊዜ ጮኸችና መርፌው ሲወጣ ስልክ ጠየቀች። ነርሷ ጠርሙሱን ዘግታ ስትነሳ አማቷ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው አገኘቻቸው።

«የእኔንም ቅጂ። እሷ የምትጎርሰውን ሁሉ ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነኝ።» ከዚያ ዞር ሳይሉ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ «የእሷንም ቅጂላት፣ የምራቴን» አሉ። «እሷም እዚያው ነው የምትተነፍሰው።»

ናሙናው ሌላ ከተማ ስለሚላክ ውጤቱ በአሥር ቀን ይመጣል ተባሉ። እስከዚያ ክፍሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ ልጅቷ እጇን ቶሎ ቶሎ ትታጠብ፤ ዕቃው ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።

አመሻሽ ላይ ኢንጂነሩ ማንም ሳያዘው ጆንያዎቹን ከመጋዘኑ አውጥቶ በሩ ላይ ደረደራቸው። አሥራ አራት ነበሩ። ማታ እራት ያልበላው እሱ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመና «እሺ፣ አወጣሁት» አለ። «የት ልውሰደው?» እናቱ ወደ ምራታቸው አዩ። ወንዝ ዳር ይጣል እንዳይሉ ታች ሰፈር ሰው አለ፤ ይሸጥ እንዳይሉ የሚገዛው ሰው ቤት ውስጥም ድስት አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ይመለስ ቢባል መሥሪያ ቤቱ እንዳስወገደው ፈርሟል። የፈረመችው ደግሞ እዚህ ቆማለች። ጆንያዎቹን በላስቲክ ሸፈኗቸው።

በማግስቱ ጠዋት ምራቲቱ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድማ ምድር ቤት ገባች። መዝገቡን አወጣችና 4717 ያለበትን ገጽ ገለጠች። «የተወገደበት ቦታ» በሚለው ባዶ ዓምድ ውስጥ የቤታቸውን ቁጥር፣ የሰፈራቸውን ስምና ስሟን ጻፈች፤ ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ሰባት እንደ ልማዷ ወገቡን አሰረችው። ከዚያ መዝገቡን ይዛ ደረጃውን ወጣችና የኃላፊውን በር አንኳኳች።